ለሚረርለስ ካሜራ በቤት የሚሠራ የፍላሽ አዳፕተር፦ የድሮው ፍላሽ ካሜራውን እንዳይጎዳው እንዴት ላገናኘው?

ጥላ ወዳድ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከፊልም ካሜራ ዘመን የተረፈ፣ የብርሃኑን መጠን በፊቱ ላይ ባለው ዳሳሽ በራሱ የሚቆጣጠር የድሮ ፍላሽ አለኝ። ጉልበቱ ዛሬም አልደከመም፤ የምጠቀምበት ሚረርለስ (በውስጡ መስታወት የሌለው ዲጂታል) ካሜራ ግን አዲስ በመሆኑ ፍላሹን በቀጥታ ልሰካበት አልደፈርኩም። ካሜራው በአናቱ ላይ መደበኛው ሆት ሹ (ፍላሽ የሚሰካበት ማስገቢያ) አለው፤ ፍላሹን ከካሜራው ጋር የሚያቀናጅ የሲንክ ሽቦ የሚሰካበት የፒሲ ሶኬት ግን የለውም።

ያሰብኩት አዳፕተር ቀላል ነው። ከተበላሸ ፍላሽ ላይ የተፈታ እግር ወስጄ፣ በመሃሉ ካለው ኮንታክትና በጎኑ ካለው ብረት ላይ ሁለት ሽቦ እበይዳለሁ፤ የሽቦዎቹን ሌላ ጫፍ ደግሞ ፍላሹ ከሚቀመጥበት ባዶ ሹ ጋር አገናኛለሁ። እንዲህ ካደረግሁ ፍላሹን ከካሜራው አርቄ ከጎን በኩል ማብራት እችላለሁ። ሆኖም አንዳንድ የድሮ ፍላሾች በመቀስቀሻ ኮንታክታቸው ላይ ከፍተኛ ቮልት እንደሚይዙና ይህም የዛሬ ካሜራዎችን ሊያቃጥል እንደሚችል አንብቤአለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ይበቃል ወይስ በመካከል የሚገባ ሰርኪዩት ያስፈልጋል? ካሜራው ፍላሽ መሰካቱን ሳያውቅ ሲቀርስ በፎቶ አነሳሱ ላይ ምን ለውጥ ይመጣል? ሶልደር ማድረግና መልቲሜትር መጠቀም እችላለሁ፤ ሰርኪዩት መንደፍ ግን አልችልም።

መለኪያ በእጁ

ሰላም ጥላ ወዳድ። ሽቦ ከመቁረጥዎ በፊት ልኬት ይቅደም፤ የሚሠሩት የአዳፕተር ዓይነት የሚወሰነው በሚያገኙት ቁጥር ነውና።

ካሜራው ፍላሹን የሚያበራበት መንገድ በጣም ቀላል ነው። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ቅጽበት በሹው መሃል ያለውን ኮንታክት ከጎኖቹ ብረት ጋር ያገናኘዋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ወደ ፍላሹ አይልክም። ቮልቱን የሚያመጣው ፍላሹ ራሱ ነው። በፊልም ዘመን ይህን ግንኙነት የሚፈጽመው የብረት ማብሪያ ስለነበረ ሁለትና ሦስት መቶ ቮልት ቢያልፍበት አይሳቀቅም ነበር። ዛሬ ግን በዚያ ቦታ የሚገኘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ አካል ነው። አይኤስኦ 10330 የተባለው ደረጃ ካሜራዎች እስከ 24 ቮልት እንዲችሉ ይጠይቃል፤ አንዳንድ አምራቾች ለአንዳንድ ሞዴሎቻቸው እስከ 250 ቮልት እንደሚፈቅዱ በመመሪያቸው የጻፉ ሲሆን፣ ለሌሎች ሞዴሎች ደግሞ ከ6 ቮልት እንዳይበልጥ ያስጠነቀቁም አሉ። የካሜራዎ መመሪያ ቁጥሩን በግልጽ ካላሰፈረ ዝቅተኛውን ይዘው ቢሠሩ ይሻላል።

ሲለኩ ፍላሹን ከካሜራው አላቀው፣ አዲስ ባትሪ አስገብተው ያብሩትና ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየው መብራት እስኪበራ ይጠብቁ። ከዚያ መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው ቀዩን ጫፍ ከእግሩ ሥር ባለው መካከለኛ ፒን ላይ፣ ጥቁሩን በእግሩ ጎን ባለው ብረት ላይ ያሳርፉ። ስክሪኑ የመቀነስ ምልክት ካሳየ የፍላሹ አቅጣጫ የተገላበጠ ነው ማለት ስለሆነ ይህንንም ይመዝግቡ። የመቀስቀሻው መስመር በፍላሹ ውስጥ የሚያልፈው በትልቅ ሬዚስተር፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሜጋ ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ነው፤ በዚህ ምክንያት 10 ሜጋ ኦም ግቤት ያለው መልቲሜትር እንኳ ከእውነተኛው ቮልት ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ግቤቱ አንድ ሜጋ ኦም ብቻ የሆነ ርካሽ መለኪያ ደግሞ ግማሹን ሊሰውር ይችላል። ስለዚህ 20 ቮልት አነበብኩ ብለው «ከ24 በታች ነው» በሚል እንዳይዝናኑ።

የሞዴሉ ስም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ቪቪታር 283 በሚለው ስም ለረጅም ዓመታት ከተሸጡት ፍላሾች መካከል የቀደሙት ከ200 ቮልት በላይ የሚይዙ ሲሆኑ፣ ኋላ የተሠሩት ከ10 ቮልት በታች የሆኑ ይገኙባቸዋል፤ ከውጭ ሲታዩ ግን አይለያዩም።

የፍላሹን አካል ፈጽሞ አይክፈቱት። በውስጡ ያለው ዋና ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ 1000 ማይክሮፋራድ ያለው ካፓሲተር በ330 ቮልት ሲሞላ ከ54 ጁል በላይ ጉልበት ያከማቻል፤ ባትሪው ከወጣ በኋላም ይቆያል፤ ሰውን ሊገድልም ይችላል። የሚሠሩት ሥራ ሁሉ ከፍላሹ ውጭ ይሁን።

ጥላ ወዳድ (ጠያቂ)

ከልብ አመሰግናለሁ። እንዳሉት ለካሁት፤ 10 ሜጋ ኦም ግቤት ባለው መልቲሜትር 187 ቮልት አሳየኝ፤ የመቀነስ ምልክት የለም። የካሜራዬ መመሪያ ስለ ቮልት ምንም ስለማይናገር፣ ቀጥታ ሽቦ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለኛል። በመካከል የሚገባውን ሰርኪዩት ሊገልጽልኝ የሚችል አለ?

ሰርኪዩት ሠሪ

አለ። በ187 ቮልት ላይ አዳፕተሩ ሽቦ ማገናኛ ብቻ መሆኑ ይቀርና ዋና ሥራው ካሜራውንና ፍላሹን በኤሌክትሪክ መለያየት ይሆናል። ይህን ለማድረግ ከሁሉ የሚመቸው ኦፕቶካፕለር ነው፤ በአንድ በኩል ትንሽ ኤልኢዲ፣ በሌላ በኩል ብርሃን ሲነካው የሚከፈት ትራያክ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ አለው፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ነው። ኤምኦሲ3023 ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን ኤልኢዲው 5 ሚሊ አምፔር ይበቃዋል። ኤምኦሲ3021 ተመሳሳይ ቢሆንም እስከ 15 ሚሊ አምፔር ስለሚፈልግ በትንሽ ባትሪ ለሚሠራ ሥራ አልመርጠውም።

በካሜራው በኩል እንዲህ ይሥሩት። ባለ 3 ቮልት የባትሪ ምንጭ ይውሰዱ፤ ሁለት ትንንሽ የ1.5 ቮልት ባትሪዎች ወይም አንድ ሲአር2032 ይሆናል። ከባትሪው ፖዘቲቭ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አሳልፈው አንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እንዲሞላ ያድርጉ፤ የካፓሲተሩ ኔጋቲቭ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል። ካፓሲተሩና ሬዚስተሩ ከተገናኙበት ነጥብ በ100 ኦም ሬዚስተር ወደ ኦፕቶካፕለሩ ፒን 1 ይሂዱ። ፒን 2 ከሆት ሹው መካከለኛ ኮንታክት ጋር፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ደግሞ ከሹው የጎን ብረት ጋር ይገናኛል። ካሜራው ሁለቱን ሲያገናኝ ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን በኤልኢዲው በኩል ይለቃል፤ ካሜራው የሚያየው ቮልት ከ3 አይበልጥም።

ኤልኢዲውን ከባትሪው በቀጥታ ማብራት እየተቻለ ካፓሲተር ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። በአንዳንድ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ማብሪያ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በቂ ከሆነ ሳይዘጋ የመቆየት ጠባይ አለው፤ 10 ሚሊ አምፔር ያለማቋረጥ ቢያልፍበት ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። በዚህ አሠራር ግን ካፓሲተሩ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ይራገፍና የሚቀረው በ10 ኪሎ ኦሙ የሚያልፈው 0.2 ሚሊ አምፔር አካባቢ ብቻ ነው። ባትሪውም አይባክንም፤ ማብሪያና ማጥፊያ እንኳ አያስፈልገውም። ካፓሲተሩ እንደገና ለመሙላት ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ፍላሽዎ ከዚያ በፍጥነት ስለማይሞላ ይህ አይታወቅዎትም።

በፍላሹ በኩል ደግሞ ሲ106ዲ የተባለውን 400 ቮልት የሚችል ታይሪስተር (ጌት በተባለው እግሩ ሲቀሰቀስ ኤሌክትሪክ ከአኖዱ ወደ ካቶዱ የሚያሳልፍ ማብሪያ) እንጠቀማለን። የፍላሹ መካከለኛ ኮንታክት ወደ አኖዱ፣ የፍላሹ የጎን ብረት ወደ ካቶዱ ይገባል። ከአኖዱ በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ኦፕቶካፕለሩ ፒን 6፣ ከፒን 4 ወደ ታይሪስተሩ ጌት፣ ከጌቱ ወደ ካቶዱ ደግሞ አንድ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያድርጉ። ፒን 3ና ፒን 5 ምንም አይነካቸው። ኦፕቶካፕለሩ ብቻውንም ፍላሹን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ነገር ግን ትራያኩ ትንሽ በመሆኑ ሸክሙን ለታይሪስተሩ ማስተላለፍን እመርጣለሁ። ታይሪስተሩ ሲከፈት በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለው ቮልት ስለሚወድቅ ትራያኩ ወዲያው ያርፋል።

ሁለት ነገር በብርቱ ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ የሲ106ዲ ጀርባ ላይ ያለው ብረት ከአኖዱ ጋር የተገናኘ ነው፤ 187 ቮልት የሚቀመጠው እዚያ ላይ ስለሆነ በሙቀት በሚሸበሸብ የፕላስቲክ ቱቦ ይሸፍኑት። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው፤ በካሜራው በኩል ያለው የጎን ብረትና በፍላሹ በኩል ያለው የጎን ብረት በምንም መንገድ መነካካት የለባቸውም። ሰርኪዩቱን በትክክል ሠርተው ሁለቱንም ሹዎች በአንድ የብረት ቅንፍ ላይ በብሎን ቢያስሯቸው የለፉበት መለያየት ጠፍቷል ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ፣ ባትሪዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል በመልቲሜትር ኦም ይለኩ፤ ምንም ንባብ መኖር የለበትም።

በመጨረሻም ይህ ሰርኪዩት ከ5 ቮልት በታች ለሚይዙ ፍላሾች አይሆንም፤ ጌቱን ለመቀስቀስ የሚበቃ ኃይል አይኖረውም። እነዚያ ግን መለያየት ስለማያስፈልጋቸው በቀጥታ ሽቦ ይሠራሉ።

አቋራጭ መንገድ

ሰርኪዩቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ግን ስለምን ይህ ሁሉ ድካም? በሬዲዮ የሚሠራ ማስነሻ ገዝቶ ማስተላለፊያውን በካሜራው ላይ፣ መቀበያውን በፍላሹ ሥር ማድረግ ይቻላል። ፍላሹ የሚነካው መቀበያውን ብቻ ስለሆነ ካሜራው ከ187 ቮልቱ ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ እግር የሚጠልፍ ሽቦም የለም። መቀበያው የሚችለውን ከፍተኛ ቮልት ከመመሪያው ማየት ግን ግድ ነው፤ ሁሉም 200 ቮልት አይችሉም፤ ቢቃጠል የሚቃጠለው ካሜራው ሳይሆን እሱ መሆኑ ግን ያጽናናል።

ሰርኪዩት ሠሪ

ፍላሹን ከሜትሮች ርቀት ላይ ለሚያቆም ሰው ይህ ትክክለኛ ምክር ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ርካሽ የሬዲዮ ማስነሻዎች ትንሽ ስለሚዘገዩ በካሜራው ከፍተኛ የሲንክ ፍጥነት (ፍላሽ ሙሉውን ፎቶ ሊያበራ በሚችልበት ፈጣኑ የሹተር ፍጥነት) ላይ ከፎቶው ጠርዝ ጥቁር ሰቅ ሊያስገቡ ይችላሉ። ሽቦ በዚህ በኩል አስተማማኝ ነው። ጠያቂው ደግሞ ሶልደር መያዝ የሚወድ ሰው ይመስላል።

ቀጭን ጨረር

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር።

በቤት የተሠራው አዳፕተር የሚጠቀመው መካከለኛውን ኮንታክት ብቻ ስለሆነ ካሜራው ፍላሽ መኖሩን አያውቅም። በፊልም ካሜራ ይህ ምንም አልነበረም፤ በሚረርለስ ካሜራ ግን ወዲያው የሚታይ ችግር ያመጣል። ቤት ውስጥ ሆነው ካሜራውን በማንዋል 1/160 ሰከንድ፣ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ አይኤስኦ 100 (ለብርሃን ያለው ትብነት) ላይ ቢያደርጉት ቪውፋይንደሩ (የሚያዩበት መስኮት) ጥቁር ይሆናል፤ ካሜራው ፎቶው ያለ ፍላሽ ምን እንደሚመስል በታማኝነት እያሳየዎት ነው። መፍትሔው በሜኑ ውስጥ ነው። ሶኒ ላይ የላይቭ ቪው ሴቲንግ ኢፌክት የሚባለውን ማጥፋት፣ ካኖን ላይ የኤክስፖዠር ሲሙሌሽንን መዝጋት፣ ፉጂፊልም ላይ በማንዋል ሞድ የኤክስፖዠር ቅድመ እይታን ማጥፋት ነው። ይህን ምርጫ በአንድ አዝራር ላይ ቢያስሩት ፍላሹን ሲያነሱና ሲመልሱ ሜኑ ውስጥ ከመዞር ይድናሉ።

ቀጥሎ የሹተሩ ዓይነት ነው። አብዛኞቹ ሚረርለስ ካሜራዎች በኤሌክትሮኒክ ሹተር ወይም በድምፅ አልባ ሞድ ላይ ሲሆኑ ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ፍላሽ አያስነሱም። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው ሶኒ አልፋ 9 ማርክ 3 ሴንሰሩን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ሜካኒካል ሹተር ላይ ይሁኑ። አዳፕተሩን ሠርተው ሲጨርሱ ፍላሹ አልበራ ካለ፣ ሶልደሩን ከመውቀስዎ በፊት ድምፅ አልባው ሞድ ክፍት እንዳይሆን ይመልከቱ።

የሲንክ ፍጥነቱ በካሜራዎ መመሪያ ላይ 1/200 ወይም 1/250 ተብሎ ቢጻፍም በ1/160 ቢጀምሩ ይሻላል። ነጭ ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ፎቶ እያነሱ ፍጥነቱን ይጨምሩ፤ በአግድም በተያዘ ፎቶ ታችኛው ወይም ላይኛው ጠርዝ ላይ የጠቆረ ሰቅ ሲመጣ አንድ ደረጃ ይመለሱ። ካሜራው ፍላሹን ስላላወቀው ከዚህ ፍጥነት እንዳያልፉ አያግድዎትም፤ ቲቲኤል (ካሜራው በሌንሱ በኩል ለክቶ የፍላሹን መጠን የሚወስንበት አሠራር) እና ከሲንክ ፍጥነቱ በላይ ፍላሽ የሚያሠራው ከፍተኛ ፍጥነት ሲንክም የሉም።

የፍላሽዎ የራሱ ዳሳሽ ግን እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ ከካሜራው ጋር መነጋገር አያሻውም። በፍላሹ ጀርባ ባለው ሠንጠረዥ ላይ አይኤስኦ 100 መርጠው የተሰጠዎትን የኤፍ ቁጥር በሌንሱ ላይ ማድረግ ነው። ፍላሹን በጎን ሲያቆሙት የፍላሹን አካል አዙረው ዳሳሹ የሚነሳውን ሰው እንዲያይ ያድርጉት፤ ዳሳሹ ወደ ቅርብ ግድግዳ ካየ ፍላሹ ቶሎ ይቆርጥና ፎቶው ይጨልማል። በማንዋል ከሠሩ ደግሞ የጋይድ ቁጥሩን (የፍላሹን ጉልበት የሚገልጸውን ቁጥር) ለርቀቱ ማካፈል ነው፤ በሜትር 36 የሆነ ፍላሽ በ4.5 ሜትር ርቀት ላይ ኤፍ 8 ይሰጥዎታል።

ስለ እግሩ አንድ ነገር ልጨምር። በካሜራው ላይ የሚገባው እግር በአይኤስኦ 518 መሠረት ወደ 18.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። የፕላስቲክ እግር ይጠቀሙ፤ ሙሉው ብረት የሆነ እግር በመካከለኛው ኮንታክት ዙሪያና በሹው ፊት ያሉትን የቲቲኤል ፒኖች ሾርት ሊያደርጋቸው ይችላል። ብረቱ በጎን ብቻ ይኑር። የአንዳንድ ካሜራዎች የሹ ጠርዝ ቀለም የተቀባ በመሆኑ አልፎ አልፎ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ የሚስተካከለው የእግሩ ብረት በትንሹ ወደ ውጭ ተገፍቶ በሹው ምላስ ሥር እንዲጫን በማድረግ ነው፤ የካሜራውን ቀለም አይፋቁ።

የቆየ እግር

እኔ ያለኝ ፍላሽ የድሮ ሶኒ ነው፤ እግሩ በመደበኛው ሹ ላይ ጨርሶ አይገባም። ይህ አሠራር ለእኔም ይሆናል?

ቀጭን ጨረር

የእርስዎ እግር ሚኖልታ እ.ኤ.አ. በ1988 ያስገባውና ሶኒ እስከ 2012 የተጠቀመበት በራሱ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። ቅርጹም የኮንታክቶቹ አቀማመጥም ከመደበኛው የተለየ ነው። እንዲህ ላለው ፍላሽ እግር በእጅ ከመቅረጽ ዝግጁ አዳፕተር መግዛት ያዋጣል፤ ሶኒ ራሱ ለዚሁ የሠራው አለ፤ አዲስ የሶኒ ካሜራ ካለዎት ቲቲኤሉም አብሮ ይተላለፋል።

ጥላ ወዳድ (ጠያቂ)

ሠራሁት፤ በሁለቱ ብረቶች መካከልም ምንም ንባብ የለም። ቪውፋይንደሩ በተባለው መንገድ ተስተካክሏል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፍላሹ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ በትክክል ይበራል፤ ከዚያ ዝግጁ ነኝ የሚለው መብራት ቢበራም በሁለተኛው ላይ አይነሳም። ፍላሹን አጥፍቼ ሳበራው እንደገና አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል።

ሰርኪዩት ሠሪ

ታይሪስተሩ ተከፍቶ እየቀረ ይመስላል። ለማረጋገጥ፣ ፍላሹ አንዴ ከበራ በኋላ የአዳፕተሩን እግር ከካሜራው ያውጡና በታይሪስተሩ አኖድና ካቶድ መካከል ቮልት ይለኩ። ጫፎቹን ሲያሳርፉ ጣትዎ ብረት እንዳይነካ። ንባቡ ተመልሶ ወደ 187 ከወጣ ታይሪስተሩ ደህና ነው፤ ያን ጊዜ ችግሩ በካሜራው በኩል ስለሚሆን በመጀመሪያ ባትሪውንና 10 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር ይፈትሹ። በአንድ ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ቆሞ ከቀረ ግን ታይሪስተሩ አልተዘጋም።

ምክንያቱ ፍላሹ በውስጥ ሬዚስተሩ በኩል የሚያሾልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። 187 ቮልት በአንድ ሜጋ ኦም ሲያልፍ 0.19 ሚሊ አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ሲ106ዲ ደግሞ አንዳንዱ ፍሬ ከዚያ ባነሰም ተከፍቶ መቆየት ይችላል። ከአንድ መደብ የወጡ ሁለት ፍሬዎች እንኳ በዚህ አይመሳሰሉም። በጌቱና በካቶዱ መካከል ያደረጉትን 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ470 ኦም ይቀይሩት፤ ይህ ታይሪስተሩን ከፍቶ ለማቆየት የሚያስፈልገውን መጠን ከፍ ያደርገዋል። ለመቀስቀሱ አይስጉ፤ በ187 ቮልት ጌቱ የሚደርሰው ኃይል ከበቂ በላይ ነው። በዚህም ካልተስተካከለ ሌላ የሲ106ዲ ፍሬ ይሞክሩ።

ጥላ ወዳድ (ጠያቂ)

ንባቡ 0.7 ቮልት ላይ ቆሞ ነበር። 470 ኦሙን ካስገባሁ በኋላ ፍላሹ በተነሳ ቁጥር ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል፤ በተከታታይ ፎቶዎች ላይም አልሳተም። በ1/200 ላይ ከታች ቀጭን ሰቅ ስላየሁ በ1/160 እቀጥላለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።